የመርከብ ሠሪው ስም



በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው አንድ ጥያቄ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በእጁ ሠርቶ፣ ትዳሩን አክብሮ፣ ልጆቹን አሳድጎ ያለፈ ሰው ስሙ የት ይገኛል? የጦር አዝማች ስም በታሪክ መጽሐፍ፣ የገዢ ስም በሐውልት ላይ ይገኛል። ብረት ሲቀጠቅጥ ውሎ ማታ ጥላሸት የለበሰ ፊቱን ታጥቦ ከልጆቹ ጋር ገበታ የሚቀርበው አባት ግን ሐውልት አይቆምለትም። ጥያቄው የብረት ሠራተኛ ብቻ አይደለም። ከቤቱ ርቆ በምሽግ የሚያድር ወታደርም፣ ተረኛ ሆኖ ሌሊቱን ሲጠብቅ፣ «ከእኔ ምን ይቀራል?» ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርም።

መልሱን ፍለጋ አንባቢያችንን ወደ ጁባ እንወስደዋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ጁባ በ2011 ነፃነቷን ያወጀችው የደቡብ ሱዳን ርእሰ ከተማ ናት። የኢትዮጵያ ሰላም አስከባሪዎች በተባበሩት መንግሥታት ዓርማ ሥር ያገለገሉባት ከተማ ስለሆነች፣ ስሟ ለብዙ ወታደር ቤት እንግዳ አይደለም። ነጭ ዓባይ በዚያ ስፍራ ባሕር ኤል ጀበል እየተባለ ከተማዋን ታክኮ ወደ ሰሜን ይወርዳል። ከጁባ በስተሰሜን ሱድ የሚባለው ሰፊ ረግረግ አለ። ከሱዳኗ ኮስቲ እስከ ጁባ ያለው የወንዝ መንገድ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ውኃ ላይ ጭነት የኖረው ሆዳቸው ዝርግ በሆነ የብረት ጀልባዎች ነው። ብረት ደግሞ በውኃ ላይ እንዲኖር ዘወትር የሚጠግነው እጅ ይፈልጋል። ስለዚህም ወንዙ ባለበት ሁሉ መዶሻ የያዘ ሠራተኛ አለ።

ከጁባ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በወንዙ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ጎንዶኮሮ የሚባል ስፍራ ይገኛል። ጁባ የምትባል ከተማ ሳትቆረቆር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት፣ በዚህ ስፍራ አንድ የእንፋሎት መርከብ ተገጥሞ ውኃ ላይ ወርዷል። ታሪኩ እንዲህ ነው።

በ1869 የግብጹ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል፣ ሳሙኤል ቤከር የተባለውን እንግሊዛዊ ለአራት ዓመት ቀጥሮ ወደ ላይኛው ዓባይ አዘመተው። የዘመቻው ዓላማ ያን አገር ለግብጽ ማስገበርና የባሪያን ንግድ ማስቆም ነበር። ቤከር በአልበርት ሐይቅ ላይ የእንፋሎት መርከብ ሊያንሳፍፍ አስቦ፣ መርከቦቹን በለንደን በሳሙዳ ወንድማማቾች የመርከብ መሥሪያ ቤት በየክፍላቸው አሠራቸው። ከእነዚህ መካከል አንዱ 108 ቶን፣ ሌላው 38 ቶን የሚመዝን ነበር። ላሜራው፣ ሞተሩና የእንፋሎት ጋኑ ተለያይቶ ታሰረ፤ ባሕር ተሻገረ፤ ከኮሮስኮ ጀምሮ የኑቢያን በረሃ በግመል ጀርባ አቋረጠ። የግመሉን ጉዞ የመራው የዘመቻው ዋና መሐንዲስ ኤድዊን ሂጊንቦተም ነበር።

ዘመቻው በ1870 በሱድ ረግረግ ተይዞ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ጎንዶኮሮ የደረሰው በሚያዝያ 1871 ነው። ከዚያ ወደ ላይ ግን ወንዙ በድንጋይና በፏፏቴ የተዘጋ ስለሆነ፣ የመርከቡን ክፍሎች ወደ ሐይቁ ለማድረስ የሰው ትከሻ ያስፈልግ ነበር። የአገሩ ባለቤቶች የሆኑት ባሪዎች ከዘመተባቸው ጦር ጋር በጠብ ላይ ነበሩና ሸክሙን እንቢ አሉ። ሰው በገዛ አገሩ የባዕድ ጭነት አልሸከምም ቢል የሚፈረድበት አይደለም። እንግዲህ ቤከር በጥር 1872 ወደ ደቡብ ሲጓዝ፣ 108 ቶኑን መርከብ እዚያው ጎንዶኮሮ እንዲገጥም ሂጊንቦተምንና የእንግሊዝ ሠራተኞቹን ትቶ ሄደ።

ከዓመት በላይ አለፈ። ቤከር ሚያዝያ 1 ቀን 1873 ጎንዶኮሮ ሲመለስ መርከቡ ተሠርቶ አልቆ ውኃው ላይ ቆሞ አገኘው። ሠሪውን ግን አላገኘውም። ሂጊንቦተም በየካቲት መጨረሻ፣ ቤከር ከመመለሱ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ እዚያው ሞቶ ተቀብሯል።

የመርከቡ ስም ማን ተባለ? «ኬዲቭ» ተባለ። ስሙ ገንዘቡን ለከፈለው ገዢ ተሰጠ። ላሜራውን ያጋጠሙት ሠራተኞች፣ ጃርቪስ፣ ዊትፊልድ፣ ሳምሶን፣ ሂችማንና ራምሳል፣ በቤከር መጽሐፍ ውስጥ በአንድ የስም ዝርዝር ታጭቀው ይገኛሉ። መጽሐፉ የጉዞና የጦርነት መጽሐፍ ነውና የሠራተኛ ቤት ታሪክ ቦታ የለውም። እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚጽፈው ቤተ ሰብ ራሱ ነው።

የመርከቡ ዕድሜ ግን በጎንዶኮሮ አላበቃም። ከጊዜ በኋላ እንደገና ተፈታታ፤ ከፏፏቴዎቹ በላይ ተወስዶ ዱፊሌ በተባለው ስፍራ ዳግመኛ ተገጠመ፤ ቤከር እንደ ተመኘውም በአልበርት ሐይቅ ላይ ተንሳፈፈ። በሚያዝያ 1888 ሄንሪ ሞርተን ስታንሌይ በሐይቁ ዳር ኤሚን ፓሻን ሲገናኝ፣ ኤሚንን ይዞ የመጣው ይኸው ኬዲቭ ነበር። ስታንሌይ እንደ ጻፈው መርከቡ ሃያ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ እንኳ አዘግሞም ቢሆን ገና ያገለግል ነበር። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ከውኃ በታች ያለው አካሉ ግን ብዙ ጊዜ የተጣፈ እንደ ነበረ ሰምቷል።

ውድ አንባቢያን፤ ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኛን ያስቆመን ይህ ከውኃ በታች ያለው ጥፍ ነው። ተሳፋሪው የሚያየው የላዩን ነው። መርከቡን ከመስጠም ያዳነው ግን ዓይን የማይደርስበት ጥገና ነው። የብዙ ቤትም ኑሮ እንደዚሁ ነው። ጎረቤት የሚያየው የበዓሉን ቀን ልብስና የቡናውን ጭስ ነው። ወር ሳይሞላ ያለቀውን አስቤዛ ያብቃቃው፣ በሌሊት የታመመውን ልጅ አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰው፣ የባልና የሚስትን ቅያሜ ልጆች ሳይሰሙ ያበረደው እጅ አይታይም። ቤቱ ያልሰጠመው ግን በእርሱ ነው።

በዚያ ዘመን ሁለት ላሜራ እንዴት ይጋጠም እንደ ነበር ብንገልጽ ነገሩ ይበልጥ ይብራራል። ብየዳ ገና አልነበረም። ማያያዣው ሪቬት የሚባል ራስ ያለው አጭር የብረት ካስማ ነው። ሪቬቱ በወናፍ እሳት ፍም እስኪመስል ይግላል። አንዱ ሠራተኛ በጉጠት ይዞ ያቀብላል፤ በሁለቱ ላሜራ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ በአንድ ወገን ሆኖ በከባድ ብረት የሪቬቱን ራስ ደግፎ ይይዛል፤ ሌላው በወዲያኛው ወገን ሆኖ ጫፉን በመዶሻ ቀጥቅጦ ራስ ያወጣለታል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ሁለቱን ላሜራ አጥብቆ ያጣብቃቸዋል። ደጋፊው ለቅጽበት ቢያዘናጋ መቺው የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን ሪቬቱ ይላላል፤ በላላው ሪቬት በኩልም ውኃ ይገባል። በአደባባይ የሚሰማው የመቺው መዶሻ ነው፤ የደጋፊው ድምፅ አይሰማም።

ትዳርም የሁለት ሰው ሪቬት ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ወታደሩ ከውጭ ይመታል። ሚስቱ ከውስጥ ትደግፋለች። ሜዳልያው ለመቺው ቢሰጥም ግጥሚያው የሁለቱ ነው። ይህን የማያውቅ ባል፣ ደመወዙን ልኮ ግዴታውን ሁሉ የፈጸመ ይመስለዋል።

ከወንዙና ከአልበርት ሐይቅ ወደ አገራችን ሐይቅ፣ ወደ ጣና፣ እንመለስ። በጣና ዳር ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፤ በፀሐይ ይደርቃል፤ እየተጠቀለለ በገመድ ይታሰራል። የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣልና ከየጉዞው በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ መድረቅ አለበት። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው የወራት ነው። ስለዚህ ታንኳ ሠሪ አንድ ታላቅ ታንኳ ሠርቶ አያርፍም፤ ዕድሜውን ሙሉ ደጋግሞ ይሠራል፤ ልጁም ከጎኑ ቆሞ አስተሳሰሩን ይማራል። ታንኳው ሲበሰብስ ሙያው በልጁ እጅ ይቀራል።

ይሁንና የእጅ ሥራ በአገራችን ብዙ ዘመን የተናቀ ነበር። በታንኳ ሥራ የታወቁት ወይጦዎች በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ሲናቁ ኖረዋል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው በሙያው ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነውሩ የአገር ጉዳት መሆኑን ስለ ተገነዘቡ ነው። ማረሻው፣ ጋቢው፣ እንስራው የተገኘው ከተሰዳቢው እጅ ነበር። የአባቱን ጥቁር እጅ እንዲያፍርበት የተደረገ ልጅ ሙያውን ብቻ ሳይሆን አባቱንም ያጣል።

እውነት ነው፤ የመርከብ ሥራ ሰውነትን ያስከፍላል። ሽምግልና የደረሰ የብረት ሠራተኛ ጆሮው በመዶሻ ጩኸት ይደክማል፤ እጁ የእሳት ጠባሳ አይለየውም። ከዚህ የከፋም አለ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት በዓለም ታላላቅ የመርከብ መሥሪያ ቦታዎች፣ ሙቀት ለመከላከል አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን በቧንቧና በጋን ላይ ይለጠፍ ነበር። አቧራው በሳንባ ውስጥ ተቀብሮ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ገዳይ በሽታ ሆኖ ብቅ ይላል። እጅግ የሚያሳዝነው፣ መሥሪያ ቤቱን ረግጠው የማያውቁ ሚስቶች የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ እያራገፉ ሲያጥቡ በዚያው አቧራ መታመማቸው ነው። አባት እንጀራ ይዞ የገባ መስሎት፣ ሳያውቀው ሞትን በልብሱ ይዞ ገባ።

ወታደርም ወደ ቤቱ ሲመለስ በልብሱ ላይ ምን ይዞ እንደሚገባ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል። የጦር ሜዳ ቁጣ፣ የሠፈር መጠጥ፣ እንደ በታች ሹም ሚስትን ማዘዝ፣ እንደ ምልምል ወታደር ልጅን ማንቀጥቀጥ፣ ይህ ሁሉ አቧራ ነው። የመርከብ ሠራተኛው አቧራውን አላወቀም፤ እኛ ግን የእኛን እናውቀዋለን። ደጃፍ ላይ አራግፎ መግባት ይቻላል።

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። የመርከብ ሠሪው ስም የት ተጻፈ? በመርከቡ ላይ እንዳልተጻፈ አይተናል። መርከቡም ቢሆን ዝጎ ያልፋል። የአገራችን የስም ሥርዐት ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። በእኛ ባህል አንድ ልጅ ብቻውን አይጠራም። ትምህርት ቤት ሲመዘገብ፣ ለፈተና ሲቀመጥ፣ ለውትድርና ሲመለመል፣ ሲሾም፣ ሲሸለም፣ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱ ስም ይጠራል። መምህሩ ጠዋት ስም ሲቆጣጠር «አቤት» የሚለው ልጁ ነው፤ የሚጠራው ግን ሁለት ሰው ነው። በኮስቲም ይሁን በምጽዋ፣ በጁባም ይሁን በባሕር ዳር የደከመ አባት፣ እርሱ በሌለበት ክፍል ውስጥ በየማለዳው ስሙ ይነሣል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ያሉት አባቶቻችን ሐውልትን ብቻ ማለታቸው አይደለም።

በደቡብ ሱዳንም ይኸው ልማድ አለ። በጁባ ከተማ የተቀበረው የነፃነቱ ትግል መሪ ሙሉ ስሙ ጆን ጋራንግ ደ ማቢዮር ነበር። «ደ ማቢዮር» ማለት የማቢዮር ልጅ ማለት ነው። ጋራንግ ወላጆቹን ያጣው ገና ልጅ ሳለ ነው። እርሱም በሐምሌ 2005 በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። ማቢዮር ልጁ አድጎ ለማየት ዕድሜ ባያገኝም፣ የልጁ ስም በዓለም ጉባኤ በተጠራ ቁጥር የማቢዮርም ስም አብሮ ተጠርቷል። አባት ልጁን ባያሳድገው እንኳ ስሙ እንዲህ ከልጁ ጋር ከሄደ፣ በሕይወት እያለ ልጁን ለማሳደግ የታደለ አባት ምን ያህል ዕድለኛ ነው!

ስም ብቻውን ግን ባዶ ዕቃ ነው። የሚሞላው ትዝታ ነው። ወደ ቤቱ በእረፍት የተመለሰ ወታደር በር ላይ ሲቆም፣ ትንሹ ልጁ የእናቱን ቀሚስ ይዞ ከኋላዋ ሲደበቅ ያየ ስንቱ ነው? «ጋሼ» ብሎ እንደ እንግዳ ሲጠራው የሰማስ? የልጁ ስም ከአባቱ ስም ጋር በመዝገብ ሰፍሯል፤ ልጁ ግን ከስሙ በስተኋላ ያለውን ሰው አያውቀውም። ይህ ከማናቸውም ቁስል የሚብስ ቁስል መሆኑን የደረሰበት ያውቀዋል። ልጁ ጥፋተኛ አይደለም። አባትም በግዳጅ ላይ ነበርና አይወቀስም። ነገር ግን ከውኃ በታች ያለው አካል ጥገና እንደሚፈልግ ሁሉ፣ ርቀት የከፈተውንም ቀዳዳ በጊዜው መጣፍ የሁለቱ ወላጆች ሥራ ነው።

እንግዲህ ዓምዳችን የሚመክረው ቀላል ነገር ነው። በግዳጅ ላይ ያለህ አባት፤ ለልጅህ ለብቻው መልእክት ላክለት። ለእናቱ በላክኸው ደብዳቤ ግርጌ «ልጆቹን ሳሚልኝ» ብለህ አትለፈው። ስለ ጦር አትጻፍለት፤ ያየኸውን ወፍ፣ የተሻገርኸውን ወንዝ፣ ዛሬ በእጅህ የሠራኸውን ሥራ ንገረው። ልጅ አባቱን የሚያውቀው በሥራው ነውና። ደመወዝ ስትልክ ለምን እንደሚውል ከሚስትህ ጋር አስቀድመህ ተማከር፤ ቤቱን ከውስጥ ደግፋ የያዘችው እርሷ ናትና ጫናውን ከአንተ ይልቅ ታውቀዋለች።

ቤት የምትጠብቂ እናት፤ የልጆችሽን አባት ስም በቤት ውስጥ በመልካም አንሺው። «አባትህ ሲመጣ ይቀጣሃል» እያልሽ ስሙን ማስፈራሪያ አታድርጊው። ልጁ በትምህርቱ ሲያመሰግኑት «ይህን ለአባትህ እንጽፍለታለን» ብትዪው፣ አባቱ ከሩቅ አገር ሆኖ በገበታው ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

ረጅም ዕድሜ ፈጣሪ ለሰጠው ነው። ሂጊንቦተም የሠራው መርከብ ከእርሱ በኋላ ከዓሥራ አምስት ዓመት በላይ ውኃውን ሰነጠቀ፤ የጠገኑት ባይኖሩ ግን ይህን ያህል ባልኖረ ነበር። የሰውም ሥራ እንዲሁ ነው። አንዱ ይገጥማል፤ ሌላው ይጠግናል፤ ሦስተኛው ይሳፈርበታል። የእኛ ተሳፋሪዎች ልጆቻችን ናቸው። ስማችንን በጎኑ ላይ ባይጽፉልንም ግድ የለም፤ ከስማቸው ጋር ይዘውት ይሄዳሉ። የእኛ ፋንታ ሲጠሩት እንዳያፍሩበት አድርገን መኖር ነው።